ድሬን በሰዓቷ፦ በቀፊራ፣ በታይዋንና በከዚራ መግዣ፣ መብያና ማምሻ

ድሬዳዋ ደርሰው «ሙቀት እንጂ ምንም የላትም» ብለው የሚመለሱ እንግዶች አሉ። ብዙዎቹን ጠይቃችሁ ብታጣሩ ጥፋቱ የሰዓት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የንግድ ሰፈሩ መጋላ ወርዶ ግማሹን ሱቅ ዝግ፣ ባለሱቁን በረንዳው ላይ ካርቶን አንጥፎ የተጋደመ ያገኘ ሰው ምን ይበል? ድሬ በቀን ሁለቴ ትነቃለች። ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን አንዴ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ደግሞ እንደገና። መሐሉ የምሳ፣ የእንቅልፍና የበርጫ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሰፈር ሳይሆን በሰዓት የተደረደረ ነው፤ ዐርብ ማታ ገብቶ፣ ቅዳሜን ውሎና አምሽቶ፣ እሑድ ለሚመለስ ሰው የተሰፋ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ለመዝናናት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ስለተቀመጠች ከአዲስ አበባ ብርድ ለወጣ ሰው በእነዚህ ወራት ምሽቷ ልክ ነው፤ ሹራብ አያስፈልግም፣ ላብም አያሰጥምም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን 35 ዲግሪን ያለፈ ቀን ብርቅ አይደለም። የሙቀቱ ወራት አንድ ካሣ አላቸው፤ በሌላው የአገራችን ከተማ ሳይቀር በስሟ የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ያወጣል።

ልትሸሿቸው ወይም አስቀድማችሁ ልትዘጋጁባቸው የሚገቡ ሁለት ቀናት አሉ፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ምእመኑ ከመላ አገሪቱ ይጎርፋል፣ አብዛኛው ድሬ ላይ ያርፋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም በእጥፍ ይሸጣል። ስለት ያለው ሰው ቀኑን አይመርጥም፤ ለጭፈራ የሚመጣ ግን ሌላ ሳምንት ይምጣ።

ረመዳን ሲሆን ቀን ላይ የመጋላ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ጫት ቤቱም ያንቀላፋል። ማታው ግን ከሌላው ወር ሁሉ ይበልጣል። ካፈጠረ በኋላ ያለው ሕዝብ፣ ሰምቡሳው፣ ተምሩ፣ ሾርባው፣ እስከ ሌሊት ክፍት የሆነው ልብስ ቤት፤ እኔ የምመርጠው እንዲያውም እሱን ነው። በሁዳዴ ደግሞ ሥጋ ቤቱና ጭፈራ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል። ዐርብ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ለጁምዓ ሶላት ሱቅ ይዘጋል፤ ዐርብን ለገበያ አትቁጠሩት።

መድረስና ማደር

በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር፣ ከንጋት በፊት ተነስቶ ከሰዓት የሚደረስበት። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተጓዘ ሰው ጠይቁ፤ የአውቶቡስ ድርጅቱ ትኬት ሊሸጥላችሁ ስለሚፈልግ «ሰላም ነው» ማለቱ አይቀርም። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ይነሳል። የሚነሳበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ትኬቱን አስቀድማችሁ ያዙ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ መሆኑንም አትርሱ። ፎቶ ላይ የምታዩት፣ መሐል ከተማ ያለው ውብ ጣቢያ የድሮው የምድር ባቡር ነው፤ እዚያ አትወርዱም።

ማደሪያ ለመምረጥ የከተማዋን ቅርጽ ማወቅ ይበቃል። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ በገመድ ለክተው የቀየሱት፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሆነ ሰፈር። በሌላው በኩል መጋላ አለ፤ ጠመዝማዛ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የንግድ አገር። ሳቢያን ደግሞ አዲሱ ሰፋፊ ሰፈር ነው፤ ብዙ ሆቴል ተሠርቶበታል፣ ግን ለማምሸት ሁልጊዜ ባጃጅ ይፈልጋል። ማምሸት ለሚያስብ ሰው ከዚራ ማደር ይሻላል፤ በእግር ወጥቶ በእግር ይገባል።

አልጋ ስትይዙ ከቁርስና ከዋይፋይ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ኤሲ ነው ወይስ ቬንትሌተር? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ? አጎበር አለ? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ድሬ ወባም ዴንጊም ታውቃለች፤ በ2011 መጨረሻም ቺኩንጉንያ ብዙውን ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ አውሎታል። ዴንጊና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት ስትተኙም አጎበሩን ዘርጉ፣ የትንኝ ቅባትም ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ኑ። የቧንቧው ውሃ ጠጣርና ኖራ የበዛበት ነው። ለመጠጥ የታሸገ ግዙ፤ ፀጉራችሁ ቢደርቅም አትደንግጡ።

ባጃጅ ከመሳፈራችሁ በፊት «ኮንትራት ነው ወይስ ታክሲ?» በሉ። ታክሲ ማለት ሰው እየጫነ በመስመር የሚሄደው ነው። ኮንትራት ከሆነ ዋጋውን ቆማችሁ ጨርሱ፤ ከተቀመጡ በኋላ የሚጀመር ክርክር ለተሳፋሪ አይበጅም። ጥሩ ሹፌር ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፤ ማታ ይጠቅማችኋል።

ከ12 እስከ 5፦ ቀፊራ

ማልዳችሁ ውጡ። ቁርሱ ፈቲራ ወይም ፉል ነው። ፈቲራው በእንቁላል ይታጠፋል፣ ማር የሚያፈሱበትም አሉ፤ ስስ ሆኖ ካልተዘረጋ ገና በአንድ ጉርሻ ትሰለቹታላችሁና ብረት ምጣዱ ፊት ቆማችሁ እጁን የምታዩበት ቤት ምረጡ። ከዚያ ሻይ በወተት። ቡና በቅጠሉም በገለባውም የሚጠጣበት አገር ስለሆነ ቁጢ ወይም ሆጃ ካለ አንዴ ቅመሱ፤ ሆጃው ወተት ስላለበት ለጀማሪ ይቀላል።

ቀፊራ መጋላ በኩል ያለው ትልቁ ገበያ ነው። ቅስት ያላቸውን በሮቹን ካያችሁ ደርሳችኋል። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች አትክልቱን፣ ወተቱን፣ ማገዶውን ይዘው ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚገቡት። ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው ሙሉ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐዩም ዋጋውም ይወርድባችኋል፤ የቀረው ግን የተመረጠ ትርፍ ነው።

ሰላምታ አስቀድሙ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሰላም ያላለ ሰው ዋጋው ይጨመርበታል። «አሰላሙ አለይኩም» ለሁሉም ይሆናል። ታላቅ የኦሮሞ ሴት ከሆኑ «አዴ»፣ የሶማሌ ከሆኑ «ኤዶ» ብላችሁ ጥሯቸው። ወጣቶቹ እርስ በርስ «ወርያ» ሲባባሉ ትሰማላችሁ፤ እኩያችሁን ካልሆነ አትሞክሩት፣ ሽማግሌን «ወርያ» ያለ እንግዳ ገበያው መሐል ተግሣጽ ይቀምሳል። አማርኛ ሁሉም ጋ ይሠራል። ብዙው የድሬ ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ስለሚያቀላቅል ካልገባችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አትክልት ላይ አትከራከሩ። የሃያ ብር ቲማቲም ይዘው ሁለት ሰዓት በእግር የመጡ እናት ጋር አምስት ብር ለማስቀነስ መቆም፣ ከእኔ ይቅር የሚባል ነገር ነው። ፍራፍሬው ዘይቱና፣ ጊሽጣ፣ ፓፓያና ማንጎ ነው። ጊሽጣ በእጅ ስትነኩት ለስለስ ካለ ለዛሬ፣ ከጠነከረ ለመንገድ።

ክርክሩን ለጨርቁ አስቀምጡት። ሴቶች ለድሪያ ይመጣሉ፤ ያ ስስ፣ ሰፊ፣ ለሙቀት የተፈጠረ የሶማሌ ቀሚስ። ሲገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ነው፤ የክሩ አሠራር አንድ ወጥ መሆኑን፣ ከጉርድና ከሻሹ ጋር የተሟላ መሆኑን። «ሙሉው ነው?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ላዩ ብቻ ይሸጥላችሁና ቤት ደርሳችሁ ጉርድ ፍለጋ ትወጣላችሁ። ለወንድ ሽርጥ አለ። ሁለቱ ጫፎቹ የተሰፋውን እንጂ ክፍቱን አትግዙ፤ ክፍቱን አጠማዞ ማሰር ልምድ ይጠይቃል፣ ሲራመዱ መፈታቱም አይቀርም። የመጀመሪያው ዋጋ ሲጠራላችሁ ሳቅ ብላችሁ ሌላ ዕቃ አንሡ፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ከግማሽ በታች መጀመር ስድብ ነው፤ ከሦስት አንድ እጁን ለማስቀነስ መሞከር ግን የሚጠበቅ ነው። ቃል አውጥታችሁ ዋጋ ከሰጣችሁና ባለሱቁ «ውሰጂው» ካለ መግዛት ግዴታ ነው። ይህን ሕግ የሚጥስ ሰው ለሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ወሬው ይደርሳል።

የእጣን ነጋዴዎቹን አትለፏቸው። ተራውን እጣን የትም ታገኙታላችሁ፤ ከዚህ የሚገዛው ኡንሲ ነው፣ በስኳርና በሽቶ ተነጥሮ እንደ ጠጠር የሚሰባበረው። በጠርሙስ እያለ ማሽተት ምንም አይነግራችሁም፤ ፍም ላይ ትንሽ እንዲጥሉላችሁ ጠይቁ። ስኳሩ ከበዛ የተቃጠለ ከረሜላ ይሸታል፣ እሱን ተዉት። ቡና ከፈለጋችሁ የሐረርጌውን ጥሬ ግዙ፤ በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ ፍሬው ወጥ አይሆንም፣ ቢጫ ቢጫም ይላል፤ ጥፋት አይደለም። ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ይበቃል፤ በጆንያ መጫን ሌላ ሥራ ነው፣ ፈቃድ ያስጠይቃል።

ጣፋጩን ደግሞ እንዲህ ለዩት። ሙሸበክ፣ በሽሮፕ ተነክሮ ጣት የሚያጣብቀው ብርቱካናማው ጥምዝምዝ፣ በዕለቱ የሚበላ ነው፤ ነገ ላስቲክ ይሆናል። ለቤተ ሰብ የሚወሰደው ሐልዋ ነው፣ ቀናት ይቆያል። ሐረር የምትወጡ ከሆነ ሐልዋውን እዚያ ግዙ። የድሬ ሰው ይህን አንብቦ ይቆጣኝ ይሆናል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ታይዋንና አሸዋ

ወጣቱ ድሬን የሚያውቃት በታይዋን ነው። ስልክ፣ ስፒከር፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ የጅቡቲ ብስኩትና ዱቄት ወተት፤ በጠባብ ኮሪደር ተጠቅጥቆ። አሸዋም በልብስና በልባሽ ዕቃ እንደዚያው ነው። ሁለቱንም የትኛውም ባጃጅ ያውቃቸዋል። ጠዋት ከቀፊራ በኋላ ሂዱ፣ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ።

ታይዋንን ሰው ያለ ልክ ያወድሳታል። ድሮ ዕቃው ከአዲስ አበባ በብዙ የረከሰ ነበር፤ ዛሬ ልዩነቱ ጠቧል፣ አንዳንዱ ዕቃ መርካቶ እኩል ነው። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ይህ ዝርዝር የሌለው ሰው «ርካሽ ነው» በሚል ስሜት ብቻ ሻንጣ ሞልቶ ይመለሳል።

ስልክ ስትገዙ አትቸኩሉ። ካርቶኑ ታሽጎ መምጣቱ ዋስትና አይደለም፤ ማሸጊያ ፕላስቲክ እዚያው ይለጠፋል። አስከፍቱት። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር አስተያዩ። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ እዚያው ደውሉ፣ ካሜራውን በጨለማ ጥግ ሞክሩ፣ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። «ዋስትና አለው?» ለሚለው ጥያቄ «አለው» ይሏችኋል። «ለስንት ቀን? በወረቀት?» ስትሉ ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው። የማይጽፍ ሰው ዋስትና የለውም። ሽቶ ከሆነ ደግሞ የታወቀ ስም ያለውን ጠርሙስ ትታችሁ በዘይት መልክ የሚቀዳውን ዑድ ግዙ፤ ክንዳችሁ ላይ ተቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ዙሩ፣ ያን ጊዜም ከሸተተ ተመለሱ።

ክፍያው ቴሌብርም የባንክ ዝውውርም ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ዝርዝር ብር ሳትይዙ አትውጡ። ቦርሳ ከፊት ይያዝ። ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ካገኛችሁ ጥቂት ቢወደድም እሱን ምረጡ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከ6 እስከ 10፦ ምሳ፣ ጥላና እምቢታ

ለምሳ መጋላ ቆዩ። ሩዝ በግመል ሥጋ፣ ወይም በዚያው ሥጋ ፓስታ። ሩዙ በቅመም የነጠረ፣ ሥጋው ለሰዓታት የተቀቀለ ሲሆን በጣት ይለቃል። አጠገቡ ሙዝ ይመጣል፤ ለማጣጣሚያ እንዳይመስላችሁ፣ ከሩዙ ጋር እየቆረሱ ነው የሚበላው። በትንሽ ሳሕን የሚቀርበው በስባስ ደግሞ ያቃጥላል፤ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ በጥቂቱ ጀምሩ። በእጅ ነው የሚበላው፣ በቀኝ። ሥጋው ቶሎ ስለሚያልቅ ከስድስት ሰዓት ተኩል አትዘግዩ። የግመል ወተት ካማራችሁ አንድ ብርጭቆ ብቻ፤ ጢሱ የሚሸተው ዕቃው በጢስ ስለሚታጠን ነው። ያልለመደ ሆድ ላይ ፍጥነቱ የታወቀ ነውና ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤታችሁ አጠገብ ብትሆኑ ይመረጣል።

ከዚያ ቁሙ። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ድሬ ላይ የሚደረግ ቁም ነገር የለም። ታጥባችሁ ተኙ። ይህን ሰዓት ሲዞር የዋለ ሰው ማታ አራት ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፤ የማምሸት ትልቁ ዝግጅት የከሰዓት እንቅልፍ ነው።

የማይተኛው ደግሞ በርጫ ይቀመጣል። እኩለ ቀን ላይ ከአወዳይ የተጫነው ጫት ሲገባ የከተማው እግር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ታያላችሁ። ወዳጅ ቤት ከተጠራችሁ ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ይባላል፣ ባዶ እጅ አይገባም፤ ጫት የማትቅሙ ከሆነ ውሃ፣ ለስላሳ ወይም ኦቾሎኒ ያዙ። «አልቅምም» ማለት አያስቀይምም። ቡናና ሻይ ይቀርብላችኋል፣ ጨዋታውም ይደርሳችኋል፤ የድሬ ጨዋታ ደግሞ ከቅጠሉ ይበልጣል። ላልለመደ ሰው ግን ለጉብኝት ብሎ መጀመርን አልመክርም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ልብ ያስመታል፤ የሁለት ቀን ጉዟችሁን ግማሹን ጣራ ስታዩ ታሳልፉታላችሁ። የቃመ ሰው መኪና አይንዳ።

ከ11 ተኩል በኋላ፦ ከዚራ

አሁን ከተማዋ እንደገና ትነሳለች። ውሃ የረጨ አስፋልት፣ በረንዳ ላይ የወጣ ወንበር፣ ሻወር ወስዶ የተቀባባ ወጣት። ከድሮው ምድር ባቡር ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ጀምሩና ቀጥ ባለው ጎዳና በዛፎቹ ሥር ተራመዱ። ከግቢዎቹ መሐል የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣልያንና የሕንድ ነጋዴዎች ይኖሩባቸው የነበሩ አሮጌ ቤቶች አሉ፤ መዝጊያቸው ከእንጨት፣ በረንዳቸው ሰፊ። ፎቶ አንሡ፤ ሰው ካለበት አስፈቅዱ፤ ጥበቃ ያለበት ግቢ ላይ ግን ስልካችሁን አታንሡ። የድሮውን ባቡርና ጋራዡን ማየት የሚወድ ሰው በሥራ ቀን በሩ ላይ ማስፈቀድ አለበት፤ ማታ አይሆንም።

በዚህ ሰዓት አልኮል አትጀምሩ። ጭማቂ ቤት ተቀመጡ፣ ስፕሪስ እዘዙ፣ ሰው ተመልከቱ። ለእኔ ድሬ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለችው ድሬ ናት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭፈራ የትም ከተማ ይገኛል። ቤተ ሰብ ሕፃን ይዞ ይወጣል፣ ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ይመጣል፣ ጉፍታ ያደረገችው ልጅና ጂንስ የለበሰችው አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አጠገባችሁ ያለው ሰው ማንነታችሁን ሳይጠይቅ ጨዋታ ይጀምራል። «አቦ» ማለት ከጀመራችሁ በቃ፣ ተለክፋችኋል።

ለእራት ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ መንገድ ዳር ነው፤ ከዘይት ሲወጣ የሚበላ ሰምቡሳ፣ ባጂያ፣ ፉል፣ ሻይ። የቀዘቀዘ ሰምቡሳ አትግዙ፣ ዘይቱ የጠቆረበትንም እለፉ። ሌላው ተቀምጦ የሚበላው ጥብስና ክትፎ ነው፤ እሱን ግን ሌላ አገርም ታገኙታላችሁ።

ከ3 ሰዓት በኋላ

መጠጡ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ነው፤ ሐረር ቢራ፣ ጠቆር ያለውን ለሚወድ ሐኪም ስታውት፣ ለማይጠጣ ሶፊ። በረንዳና ግቢ ያላቸውን ቤቶች አስቀድሙ፤ የሚዘጋው ጭፈራ ቤት ከአምስት ሰዓት በፊት ባዶ ነው፣ ገብታችሁ የዲጄውን የድምፅ ሙከራ ነው የምትሰሙት። ሲሞቅ ግን ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛው፣ ከዚያ ወደ ሶማልኛው ይሻገራል፤ ማንም አይቀመጥም። እዚሁ ከተማ ተወልዶ በ2015 ያረፈው የዓሊ ቢራ ዘፈን ከመጣ ወለሉ ላይ ቦታ ፈልጉ፤ ቋንቋውን የማይሰማውም አብሮ ይዘፍናል።

ጨብሲ የሚሉትን ነገር እወቁ። ከሰዓት ጫት የቃመው ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል። ለሐኪምም ለልምድ አዋቂም ብትጠይቁ አደጋው አንድ ነው፤ ንቃቱ ስካሩን ይሸፍነዋል፣ ሰውየው ደህና የሆነ እየመሰለው ከልኩ ያልፋል። ከእንደዚህ ያለ ወዳጅ ጋር ብትወጡም እኩል እጠጣለሁ አትበሉ።

አለባበስ ላይ ድሬ ሸክም የላትም፤ ሰንደልና ቀላል ሸሚዝ ይበቃል። ቁምጣና አጭር ቀሚስ ከዚራ ላይ ማንም አያይላችሁም፣ ቀን መጋላ ስትገቡ ግን ሸፈን በሉ። ሴቶች ብቻችሁን ብትወጡ ከዚራ ለማምሸት ከሌላው ቦታ ይቀላል፤ ቢሆንም ሒሳቡን በየዙሩ ዝጉ፣ ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት። ሒሳብ ሲመጣ የተከፈተውን ጠርሙስ ቆጥራችሁ ክፈሉ፤ ይህ ለወንዱም ነው።

መመለሻ ላይ ጠዋት ቁጥሩን ለያዛችሁት ሹፌር ደውሉ። አንዳንዴ ባጃጅ ላይ የማታ ሰዓት ገደብ ስለሚጣል ሆቴላችሁን በዚያ ሳምንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ውጡ። ለአቋራጭ ብላችሁ ደቻቱን በአሸዋው አትሻገሩ፤ በድልድዩ ሂዱ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ኳስም ይጫወትበታል። ነገር ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ከዘነበ ሌሊት ድንገት ይወርዳል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በተኛበት ከ250 ሰው በላይ የወሰደው እንዲህ ሆኖ ነው። በክረምት ወደ ተራራው ስታዩ መብረቅ ካለ ወንዙ ዳር አትቁሙ።

እሑድና ሻንጣው

ጊዜ ካላችሁ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባሱ በደንገጎ ጠመዝማዛ ይወጣል። በቀን ሂዱ፣ በቀን ተመለሱ፤ ጫት የጫኑት መኪኖች በዚያ መንገድ ለማንም አይቀንሱም።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና የምትመለሱ ከሆነ ኬላ አለ፤ አዋሽ ላይ ፍተሻው የታወቀ ነው። አንድ ስልክ፣ ጥቂት ልብስ፣ አንድ ብርድ ልብስ የግል ዕቃ ነው። አምስት ተመሳሳይ ስልክ ግን «ለወንድሞቼ ነው» ቢባልም ንግድ ነው፤ ይወረሳል። ካርቶኑን ጣሉ፣ የራሳችሁን ስልክ እየተጠቀማችሁበት ይዛችሁ እለፉ፣ ደረሰኝ ያለውን ከነደረሰኙ አስቀምጡ። አብሯችሁ የተሳፈረ ሰው «ይቺን ፌስታል ብቻ ያዢልኝ» ካለ፣ እናትም ቢሆኑ፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ እምቢ በሉ፤ ፈታሹ የሚጠይቀው የያዘውን ሰው ነው። ሙሸበኩን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ ከአዋሽ በፊት ጨርሱት።